ቴሌስኮፑ አልተበላሸም፤ መጀመሪያ መስታወቶቹን ያስተካክሉ

አንድ የደብረ ብርሃን የፊዚክስ መምህር የሚከተለውን ጥያቄ ልከዋል። «እህቴ ከሜሪላንድ ባለ 130 ሚሊሜትር የመስታወት ቴሌስኮፕ ላከችልኝ። ፎካል ሌንግዙ፣ ማለትም ብርሃኑ እስኪሰበሰብ ያለው ርቀት፣ 650 ሚሊሜትር ነው። የ25፣ የ10 እና የ4 ሚሊሜትር የዓይን ሌንሶች አሉት። ባርሎ የሚባል 3 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስም አብሮት መጥቷል። ካርቶኑ 487 እጥፍ ያጎላል ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። ጨረቃ ተገልብጣ ትታያለች። ጁፒተር ደግሞ መሃሏ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ያለባት ደብዛዛ ክብ ናት። መመሪያው መቆሚያውን በሰሜን ኮከብ አስተካክሉ ይላል፤ ኮከቡን ግን ላገኘው አልቻልኩም። መስታወቱ ላይም አቧራ አያለሁ። ተበላሽቶ ይሆን? ልወልውለው? ወይስ ጠንከር ያለ የዓይን ሌንስ ላስመጣ? ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ ነው።»

መስታወቱ አልተበላሸም። አይወልውሉት። ሌንስም አይግዙ። ከዘረዘሯቸው ነገሮች ሁለቱ ጭራሽ ችግር ስላልሆኑ ከነሱ ልጀምር።

ጨረቃ መገልበጧ የዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ተፈጥሮ ነው። ኒውተን በ1668 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ከሠራበት ጊዜ ጀምሮ አሠራሩ ያው ነው። ብርሃኑ በቱቦው ታች ያለው ጎድጓዳ መስታወት ላይ ያርፋል፤ ተሰብስቦ ወደ ላይ ይመለሳል። አፉ አጠገብ በ45 ዲግሪ የተቀመጠ ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ወደ ጎን ይመልሰዋል፤ እርስዎ ዓይንዎን የሚያስጠጉት እዚያ ነው። በዚህ መንገድ የመጣ ምስል ይገለበጣል። ሰማይ ላይ ደግሞ ላይና ታች የሚባል ነገር ስለሌለ ምንም አያጎድልብዎትም።

ጥቁሩ ቀዳዳም ጁፒተር ላይ ያለ ነገር አይደለም። የትንሹ መስታወት ጥላ ነው። የሚታየው ትኩረቱ ሳይስተካከል ሲቀር ብቻ ነው። የትኩረት ማዞሪያውን በጣም በዝግታ ያዙሩት። ክቡ እየሰፋ ከሄደ አቅጣጫው ተሳስቷል፤ ወደ ኋላ ይመልሱት። እየጠበበ፣ ቀዳዳውም እየጠፋ ይመጣል። ከዚያ በላይ አልጠብ የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ትኩረቱ እሱ ነው። ይህን መጀመሪያ በ25ቱ ሌንስ ይሞክሩት። በ4ቱና በባርሎ ከጀመሩ ቱቦው በነኩት ቁጥር ስለሚንቀጠቀጥ ትክክለኛውን ቦታ አልፈውት ይሄዳሉ፣ ሳያዩት።

ወደ 487 እንምጣ። የማጉላት ስሌት ቀላል ነው፤ የቴሌስኮፑን ፎካል ሌንግዝ በሌንሱ ፎካል ሌንግዝ ማካፈል። 650 ሲካፈል ለ25፣ 26 እጥፍ ነው። ለ10፣ 65 እጥፍ። ለ4፣ 162 እጥፍ ገደማ። ይህን በባርሎ 3 ሲያባዙት 487 ይመጣል። ሻጩ በቁጥር አልዋሸም። ግን ያንን ማጉላት የሚሸከም ብርሃን ከ130 ሚሊሜትር መስታወት አይገኝም። በተለምዶ የሚሠራበት ልክ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ስፋት 2 እጥፍ ነው፤ ለእርስዎ 260 ማለት ነው። እሱም አየሩ ጸጥ ባለ ሌሊት። በአብዛኛው ምሽት ከ100 እስከ 150 ባለው ይረካሉ። የቴሌስኮፕ ዋና ሥራ ማጉላት ሳይሆን ብርሃን መሰብሰብ ነው። መስታወትዎ በጨለማ ከተከፈተ የዓይን ብሌን ከ300 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ሀብትዎ እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ 65 እጥፍን አይናቁት። ጁፒተር ወደኛ ቀረብ በምትልበት ወቅት በ65 እጥፍ ስትታይ፣ በባዶ ዓይን ከምናያት ሙሉ ጨረቃ ትበልጣለች። ለጀማሪ ትንሽ የምትመስለው ዙሪያዋ ጥቁር ባዶ ስለሆነና ዓይን ገና ስላልለመደ ነው። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቷት። ሁለቱ ቡናማ ቀበቶዎች ቀስ በቀስ ብቅ ይላሉ።

አሁን ወደ ትክክለኛዎቹ ምክንያቶች። ሦስት ናቸው ብዬ እገምታለሁ፦ ሙቀት፣ የመስታወቶቹ አቀማመጥ እና መቆሚያው።

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ለሰማይ ተመልካች ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከራስዎ በላይ ያለው አየር ስስ ነው። ብርዱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቴሌስኮፑን ሞቅ ካለ ክፍል አውጥተው ወዲያው ወደ ሰማይ ካዞሩት፣ መስታወቱ ሙቀቱን እየተፋ በቱቦው ውስጥ አየሩን ያናውጠዋል። ምስሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ይዋልላል። መፍትሔው ከመጀመርዎ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ውጭ ማኖር ነው። ሌላው ምክንያት ቆርቆሮ ነው። ቀን በፀሐይ የዋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ማታ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። ፕላኔቷ በጎረቤት ጣሪያ አናት ላይ ከሆነች ጥርት ብላ እንድትታይ አይጠብቁ፤ ከፍ እስክትል ይታገሡ። ከሲሚንቶ ይልቅ ሣር ላይ መቆም ይሻላል። በመስኮት መስታወት ውስጥ አሻግሮ ማየት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ተማሪዎችም ቱቦው አፍ ፊት ለፊት እንዳይሰበሰቡ፤ የሰው ገላና ትንፋሽ ያው የሙቀት ምንጭ ነው።

የመስታወቶቹ አቀማመጥ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ቴሌስኮፑን አልጋ ሥር የሚያስገባው በዚህ ምክንያት ነውና። ሁለቱ መስታወቶች በአንድ መስመር መናበብ አለባቸው። ይህን ማስተካከል ኮሊሜሽን ይባላል። ከሜሪላንድ ደብረ ብርሃን ድረስ በሻንጣ የመጣ ቴሌስኮፕ ሳይዛነፍ ይደርሳል ብዬ አላምንም። ዕቃው ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ክራር ከመንገድ በኋላ እንደሚቃኘው መቃኘት ነው። እሱም ቀን፣ በብርሃን ይሠራል።

የዓይን ሌንሱ ቦታ ላይ ተደፍኖ የመጣውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ያውጡት። ልክ መሃሉ ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ይብሱ። ሌንሱን አውጥተው ክዳኑን በቦታው ይመልሱት። ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ አግድም ያጋድሙት፣ አፉንም ወደ ነጭ ግድግዳ ያዙሩት። ማጋደሙ ግዴታ ነው። አቁመውት ሲሠሩ ያች ቀጭን ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ከእጅዎ ካመለጠች በቀጥታ ዋናው መስታወት ላይ ትወድቃለች።

በቀዳዳዋ ሲያዩ መጀመሪያ የትንሹን መስታወት ጠርዝ ያያሉ። በውስጡ የዋናው መስታወት ምስል አለ። የትንሹ መስታወት መያዣ ላይ ሦስት ትናንሽ ብሎኖች አሉ። አንዱን ሲያጠብቁ ሌላውን እያላሉ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያዙሯቸው። ዓላማው የዋናው መስታወት ክብ በሙሉ፣ ዳር የሚይዙት ሦስቱ ጥፍሮችም ጭምር እኩል እንዲታዩ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተደበቀ ገና ነዎት። ከዚያ ወደ ቱቦው ጀርባ ይሂዱ። እዚያ ብዙ ጊዜ ሦስት ማስተካከያና ሦስት መቆለፊያ ብሎኖች አሉ። መቆለፊያዎቹን ያላሉ። ዋናው መስታወት መሃል ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ተለጥፏል። የክዳንዎ ቀዳዳ ነጸብራቅ እዚያች ክብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ማስተካከያዎቹን ያዙሩ። አንድ ሰው ከኋላ ቢያዞርልዎት፣ እርስዎ በቀዳዳው እያዩ «ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ» ቢሉ ሥራው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ሁለት ተማሪ ጠርተው ያሠሯቸው፤ ስለ ነጸብራቅ የሚያስተምሩት ክፍለ ጊዜ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አለልዎት። በመጨረሻ መቆለፊያዎቹን በቀስታ ይመልሱ። አጥብቀው ካሠሩት መስታወቱ ይጨነቅና ኮከቦች ሦስት ማዕዘን ሆነው ይታያሉ።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጥዎት። ሁሉን አስተካክለው ሲጨርሱ የትንሹ መስታወት ጥቁር ጥላ ወደ ዋናው መስታወት በኩል ትንሽ ያዘነበለ ሊመስልዎት ይችላል። እንደ እርስዎ ባለ አጭር ቱቦ ይህ ትክክል ነው። አይነካኩት።

ማታ ማረጋገጫው ኮከብ ነው። ከፍ ብሎ የሚያበራ አንድ ኮከብ በ10ሩ ሌንስ መሃል ላይ ያስገቡ፤ ከዚያ ትኩረቱን ሆን ብለው ትንሽ ያዛቡት። ቀለበቶች ይታያሉ። ቀለበቶቹ እንደ ኢላማ አንዱ በአንዱ ውስጥ መሃል ለመሃል ከተቀመጡ ጨርሰዋል። ወደ አንድ ጎን ከተጨፈለቁ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በጥቂቱ ያዙሩ፣ ኮከቡን ወደ መሃል ይመልሱ፣ እንደገና ይዩ። ያ ያስጠላዎት ጥቁር ቀዳዳ አሁን መሣሪያዎ ሆነ ማለት ነው።

ሌሎች አንባቢዎችም ስላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ። ቱቦው ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ 1000 ሚሊሜትር ፎካል ሌንግዝ ከተጻፈበት፣ የትኩረት ማዞሪያው ውስጥ ተጨማሪ ሌንስ ተደብቋል። እንዲህ ያለውን ማስተካከል ከባድ ነው፤ የምስሉም ጥራት ከዚህ ያነሰ ነው። የመምህሩ 650 ስለሆነ ከዚህ ነፃ ነው።

መቆሚያው ቀጥሎ ነው። ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ የሚነጣጠረው ከምድር ዙረት ጋር እየዞረ ኮከቦችን እንዲከተል ነው። የሰሜን ኮከብን ያጡት በእርስዎ ጥፋት አይደለም። ኮከቡ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ከቆሙበት ቦታ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። ደብረ ብርሃን ከ10 ዲግሪ ሰሜን ትንሽ ዝቅ ትላለች። ክንድዎን ዘርግተው ቡጢ ቢጨብጡ፣ የቡጢዎ ቁመት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ኮከቡ ያለው ከአድማስ አንድ ቡጢ ብቻ ከፍ ብሎ ነው። አንድ ኮረብታ፣ አንድ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ የምሽት ጭስ፣ ማናቸውም ይሸፍኑታል። ብዙ ሰው ደግሞ ከኮከቦች ሁሉ ደማቁ እሱ ይመስለዋል። አይደለም፤ መካከለኛ ነው።

መመሪያው የተጻፈው 40 ወይም 50 ዲግሪ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። በዚያ ኬክሮስ መቆሚያው ዋና ዘንጉን ወደ ላይ አቅንቶ በምቾት ይሠራል። በኛ ኬክሮስ ግን ዘንጉ ሊተኛ ምንም አይቀረውም። ሚዛን መጠበቂያው ብረት ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል፤ ሚዛኑም ይዛባል። ሰሜን ኮከብን ቢያገኙት እንኳ ይህ ችግር አይለቅዎትም። ፎቶ ለማንሳት ካላሰቡ ደግሞ እንዲህ ያለ መቆሚያ አያስፈልግዎትም።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ያንን መቆሚያ ይተዉትና አናጢ ጋ ሄደው የዶብሰን ሣጥን ያሠሩ። ጆን ዶብሰን (1915–2014) ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ባለ ገዳም ውስጥ መነኩሴ ነበር። ከተጣለ ዕቃ ቴሌስኮፕ እየሠራ፣ በኋላም መንገድ ዳር እያቆመ አላፊ አግዳሚውን ሰማይ ያሳይ ነበር። የፈለሰፈው መቆሚያ ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ አለው፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። እንደ መድፍ ማለት ነው። ከወፍራም ኮምፔንሳቶ ሦስት ጎን ያለው ሣጥን ይሠራል። ቱቦው ሁለት ክብ ጆሮዎች ይደረጉለትና ሣጥኑ ጎን ላይ በተቆረጡ ጎድጓዳ ቦታዎች ላይ ያርፋል። ሣጥኑ በበኩሉ በአንድ ብሎን ታች ካለ ሳንቃ ጋር ተያይዞ ይዞራል። መንሸራተቻው ላይ ፎርማይካና ቴፍሎን ይገናኛሉ። ቴፍሎን ከጠፋ ከፕላስቲክ መክተፊያ የተቆረጡ ቁራጮችም ይሠራሉ። በአንድ ጣት ሲገፉት መሄድ አለበት፣ ጣትዎን ሲያነሱ እዚያው መቆም። ወደ ኋላ ከተመለሰ መንሸራተቻው ይዟል፤ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ሚዛኑ ተሳስቷል። ቱቦው አጭር ስለሆነ ሣጥኑን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት።

ይህም ጉድለት አለው። ልክ አናትዎ ላይ ያለን ነገር በዶብሰን መከተል አስቸጋሪ ነው፤ ግራና ቀኝ ሲገፉት ቱቦው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። በኛ አገር ፕላኔቶች ወደ አናት ስለሚጠጉ ይህ ያጋጥምዎታል። አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ወይም ዘግይተው ይዩዋቸው።

ነገሮችን ፈልጎ ለማግኘት ከላይ ያለውን ትንሽ መፈለጊያ ቀን ያስተካክሉ። ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነገር ይምረጡ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ጥሩ ነው። በ25ቱ ሌንስ መሃል ላይ አድርገውት መፈለጊያውን በዚያው ነጥብ ላይ ያስተካክሉ። ይህን የሚሠሩት ፀሐይ ከጀርባዎ ስትሆን ብቻ ነው።

ስለ ፀሐይ አንዴ ልናገርና ሁለተኛ አልመለስበትም። ቴሌስኮፑንም ሆነ መፈለጊያውን ወደ ፀሐይ አያዙሩ። የዓይን ብርሃን በቅጽበት ይጠፋል። ዓይን ውስጥ ያ የሚቃጠለው ክፍል ሕመም ስለማይሰማው አያስጠነቅቅም። ከዕቃው ጋር «ፀሐይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ የዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዝ ትንሽ ጥቁር መስታወት ካለ ዛሬውኑ ሰብረው ይጣሉት። ሙቀቱ በተሰበሰበበት ቦታ ስለሚቀመጥ ይሰነጠቃል። ደህንነቱ የተጠበቀው ማጣሪያ የቱቦውን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ብቻ ነው። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታማው ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ አገር ሁሉ ወጥቶ ሰማይ ያይ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ጅዳና ሉክሶር ላይ ሙሉ፣ እኛ ጋ በከፊል የሚታይ ግርዶሽ አለ። ያን ቀን ልጆች ቴሌስኮፑን አውጡልን ይላሉ። የፊት ማጣሪያ ከሌለዎት ቁልፍ ገብቶበት ይዋል።

አቧራው ምንም አይደለም። ባትሪ አብርተው ሲያዩት ያስፈራል፤ ምስሉ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ግን በዓይን አይታወቅም። እንደ ቤት መስታወት አንጸባራቂው ሽፋን ከኋላ አይደለም፤ ስስ የአሉሚኒየም ሽፋኑ ፊት ለፊት ነው ያለው። ጨርቅ ሲያስነኩት አቧራው ራሱ ይቧጭረዋል። እኔ የመጀመሪያውን መስታወቴን በነጠላ ጫፍ ጠርጌው ጭረቱ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ክዳኑን ይክደኑ፣ ጤዛ ካረፈበት ሳይከድኑ በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ሌንስ መግዛት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኮከቡ ክብ ቀለበት ካሳየዎት፣ ሣጥኑም ካልተንቀጠቀጠ፣ ያኔ አንድ ደህና ባለ 6 ሚሊሜትር ያስመጡ፤ 108 እጥፍ ይሰጥዎታል። ባርሎዋንና 4ቱን መሳቢያ ውስጥ ይተዉዋቸው።

ተማሪዎችዎ ምን ያያሉ? በፎቶ የለመዱትን ቀለም አያዩም፤ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው። በታኅሣሥና በጥር ምሽት የኦሪዮን ኔቡላ፣ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ግን እንደ ግራጫ ጭስ ነው። ሰባቱ ከዋክብት በ25ቱ ሌንስ ከሰባት በላይ ሆነው ይፈሳሉ። ጨረቃን ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን ያሳዩ፤ ጥላው ያረፈበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹ ቁልጭ ይላሉ። በሚያዝያና በግንቦት፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ወደ ደቡብ ኦሜጋ ሴንታውሪን ይፈልጉ። 17,000 የብርሃን ዓመት ገደማ የራቀ፣ ሚሊዮኖች ኮከቦች የታጨቁበት ክምችት ነው። እህትዎ ካሉበት ሜሪላንድ አድማሱን አልፎ እምብዛም አይወጣም። ከእርስዎ ግቢ ግን ከሦስት ቡጢ በላይ ከፍ ይላል። እህትዎ ለእረፍት ሲመጡ በላኩት ቴሌስኮፕ ያሳዩዋቸው።

ለተሰለፉ ልጆች 25ቱን ሌንስ ይጠቀሙ። ምድር ስለምትዞር በ10ሩ የተያዘች ፕላኔት በ3 ደቂቃ ገደማ ከዕይታ ትወጣለች፤ በ25ቱ ከ7 ደቂቃ በላይ ትቆያለች። አጠገቡ በርጩማ ያኑሩና ልጆቹ ሲያዩ እሱን ይደገፉ እንጂ ቱቦውን እንዳይይዙ ይንገሯቸው። ከአራት አምስት ልጅ በኋላ ራስዎ ገብተው ወደ መሃል ይመልሷት።